ሰርቪስ ቤት የነበረው ሀገር አቀፍ ማኅበር

ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ ሴት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ወይ እሱን አስተምረውታል ወይ ልጁን፤ ስለዚህ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚላቸው። እኔን ገና ወጣት ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህር አድርገው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ፈቃዴን እንኳ ሳይጠይቁ፣ የብሪጅ ማኅበር ጸሐፊ አደረጉኝ።

ብሪጅ የካርታ ጨዋታ ነው። ማኅበሩም ሀገር አቀፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል፤ አልፈርድበትም። ማኅበሩን የመሠረቱት አዲስ አበባ የነበሩ፣ ውጭ ተምረው የመጡ፣ በየኤምባሲውና በየድርጅቱ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከፊሎቹ አረፉ፤ ከፊሎቹ ልጆቻቸው ዘንድ ባሕር ማዶ ሄደው በዚያው ቀሩ። ሊቀ መንበርነቱ ዞሮ ዞሮ ቲቸር ላይ ሲወድቅ፣ «እኔ ከሀዋሳ አልነቃነቅም፤ ከፈለጋችሁ ማኅበሩ ይምጣ» አሉ። መጣም። በአንድ ካርቶን ወረቀትና ማኅተም፣ በሌላ ካርቶን ደግሞ ካርታ ሆኖ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ባዶ ስለነበር ዋናው ጽሕፈት ቤት እዚያ ሆነ።

አንድ ጊዜ አዳራሽ ለመለመን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «ከብሪጅ ማኅበር ነው የመጣሁት» ብል፣ የተቀበለችኝ ልጅ «ድልድይ ከሆነ መንገዶች ቢሮ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ» ብላ ሰደደችኝ። ተመልሼ ለቲቸር ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«እዚያስ ሄደህ ጠየቅህ?» አሉኝ።

ጨዋታውን የተማሩት በወጣትነታቸው፣ አብረዋቸው ያስተምሩ ከነበሩ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህርና ከመምህሩ ባለቤት ነው። ብሪጅ አራት ሰው ይፈልጋል። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ገንዘብ የለበትም። ካርታ ከመጣሉ በፊት እያንዳንዱ በተራው ምን ያህል ዙር እንደሚያሸንፍ በአጭር ቃል ይናገራል፤ አጋርህ ምን እንደያዘ የምታውቀው ከዚያች ቃል ብቻ ነው። ፊት መቋጠር፣ መሳል፣ በዓይን መጥቀስ ነውር ነው። ቲቸር ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው የጥንቱ የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ይሆናል።

የእሳቸው አጋር ምክትል ሊቀ መንበሩ ነበር። ፋርማሲ አለው፤ የሲዳማ ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው በወንጌል አማኝ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እንደሱ ያለ ተጫዋች አላየሁም። በእጁ ካለው ካርታ ይልቅ የሰውን ዝምታ የሚያነብ ነው የሚመስለው። አራተኛዋ ባለቤቴ ነበረች። ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ባትኖርም፣ ያለ እሷ ጠረጴዛው ስለማይሞላ ቲቸር «ማኅበሩን ያቆመችው እሷ ናት» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራታችን እንሰበሰባለን። መጀመሪያ የማኅበሩ ሥራ፤ ለአዲስ አበባ፣ ለአዳማ፣ ለድሬዳዋ ተጫዋቾች ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻፍ። ከዚያ ጨዋታ። ጣሪያው ላይ የሐይቁ ትልቅ ወፍ አባ ኮዳ ሲያርፍ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ማንም ቀና አይልም።

አንድ ቅዳሜ ፋርማሲስቱ ዘግይቶ መጣ። ወንበሩን ስቦ አልተቀመጠም።

«ቲቸር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እንድሆን ታጭቻለሁ» አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ። ተቀመጣ።»

«ካርታ እንድተው ጠየቁኝ።»

ባለቤቴ በእጇ የያዘችውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቲቸር ግን መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። የተናደዱ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው።

«ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሄጄ አስረዳለሁ።»

ሄዱም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እሽግ ካርታ በቦርሳቸው ይዘው፣ እኔን አስከትለው በባጃጅ ሄዱ። ሦስት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ይጠብቁን ነበር። አንደኛው፣ በዕድሜ ትንሹ፣ የእሳቸው ተማሪ ሆኖ ተገኘና ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ቲቸር ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረግ አድርገው ካርታውን ዘረጉት። ማን ከማን ጋር እንደሚወግን፣ ምን እንደሚባል፣ ለምን ቁማር እንዳልሆነ አንድ በአንድ አስረዱ። ሰዎቹ በትዕግሥት ሰሟቸው። ተማሪያቸው የነበረው አንገቱን አስግጎ፣ «ቲቸር፣ ይቺኛዋን ለምንድነው ለመጨረሻ ያስቀሯት?» ብሎ ሊነካት እጁን ሰደደ። ትልቁ ሽማግሌ ሲያዩት እጁን ሰበሰበ።

«እናታችን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ቁማር ነው አላልንም። ወንድማችንንም ቁማርተኛ ያለው የለም።»

«እንግዲያ ምን አላችሁ?»

«እኛ ጋ የሚመጣ ወጣት አለ። አባቱ ካርታ ሊጫወት ደመወዙን ይዞ ይወጣል፤ ሳምንት ሙሉ ቤቱ አይገባም ነበር። እናቱን በልብስ አጣቢነት ያስቀራት ያ ነው። አንድ ብቻውን አይደለም፤ እንደሱ ብዙ አሉ። ታዲያ ያ ልጅ ሽማግሌውን ካርታ ይዞ ቢያየው፣ ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው ብሎ ይጠይቃል? እርስዎ ስንት ልጅ አሳድገዋል፤ ይንገሩኝ።»

ቲቸር ካርታውን ቀስ ብለው መሰብሰብ ጀመሩ።

«አይጠይቅም» አሉ።

ፋርማሲስቱ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ፊት ይመስላል።

«ምን አሉ?»

«ያሉት ልክ ነው» አሉት። «አንተ ራስህስ ምን ትላለህ?»

መንገዱን ያይ ነበር።

«ልጄ ስትሞት እናንተ መጣችሁ፤ አልረሳሁትም። እነሱ ግን ቆዩ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ሚስቴ ከአልጋ አልነሣም ስትል እያበሉ ያነሷት እነሱ ናቸው። ግቢያችንን የጠረጉት፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ያመላለሱት እነሱ ናቸው። አሁን አንድ ነገር ተው ቢሉኝ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ፣ ቲቸር?»

«እምቢ በል መች አልኩህ» አሉ። ባጃጅ አስቆሙና እሱን ሳይሰናበቱ ገቡ። እኔ ጨብጬው ተከተልኳቸው። ቤታቸው እስክንደርስ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር።

በዚያ ዓመት ሀገር አቀፉን ውድድር ሀዋሳ እናደርጋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ቲቸር ይሰረዝ ቢባሉ አልሰማም አሉ። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ትንሽ አዳራሽ ለመንን። እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ስልክ መጮህ ጀመረ። አንዱ መንገዱን ፈራሁ ይላል፤ ሌላው ጉልበቴን አመመኝ፤ ሌላው ልጄ አልሄድም አለችኝ፣ ያለ እሷ ደግሞ አልንቀሳቀስም። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የሁሉም ምክንያት እውነት ነበር። ቲቸር ለእያንዳንዱ «ግድ የለም፣ ጤና ይስጥህ» እያሉ ስልኩን ይዘጋሉ። በመጨረሻ የመጡት ጥቂት የአዲስ አበባ ሰዎችና አንድ የአዳማ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። አስተናጋጆቹ ለብዙ ሰው የዘረጉትን ጠረጴዛ እኛ እያየን አንድ በአንድ አጣጥፈው አነሡት።

እኔ የቲቸር አጋር ሆኜ ተጫወትኩ። ያለኝን ችሎታ ሁሉ አውጥቻለሁ፤ ያለኝ ግን ያን ያህል ነው። እሳቸው አንድ ነገር ሲናገሩ እኔ ሌላ እሰማለሁ። በአንዱ ዙር እጃቸው ላይ የነበረውን በሙሉ ያባከነ ስሕተት ሠራሁ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። «ግድ የለም» አሉኝ፣ ስልክ ላይ ላሉት ሰዎች ባሉት በዚያው ድምፅ። ያ ከቁጣ ይልቅ አሳመመኝ። ማታ ቤት ስንገባ ባለቤቴ፣ «ካርታውን እኮ አይደለም የሚያዩት። አንተ የተቀመጥክበትን ነው» አለችኝ። እኔም አይቼው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ቲቸርን ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ግን አልታዘዝ አሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ልውሰድሽ ብትላቸው፣ ማኅበሩን ትቼ የት እሄዳለሁ አሏት። ማኅበሩ ማለት በዚያን ጊዜ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ካርቶኖች ነበርን።

ፋርማሲስቱ በየማለዳው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይመጣል። ግፊታቸውን ይለካል፤ ኪኒናቸውን በእጁ ይሰጣቸዋል፤ እግራቸውን እያሸ እንዲያንቀሳቅሱት ያደርጋል። ስለ ቤተ ክርስቲያኑም ስለ ጨዋታውም አያነሡም። አንድ ቅዳሜ እኛ እንደመጣን ሳይሄድ አገኘነው። ቲቸር ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካርታ ባንድ እጅ ይዞ ባንድ እጅ መምዘዝ ስላልቻሉ ሁሉም ብርድ ልብሱ ላይ ተበትኗል። ባለቤቴ ልትሰበስብ ስትጎነበስ ከለከሏትና ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ አትጫወት። ያዝልኝ ብቻ። እኔ ነኝ የምመዘው።»

ፋርማሲስቱ የግፊት መለኪያውን እየጠቀለለ ነበር። እጁ ቆመ።

«ቲቸር፣ ቃል ገብቻለሁ» አለ።

«መያዝም መጫወት ነው?»

ፋርማሲስቱ ወደ ግቢው ወጣ። በመስኮቱ አየው ነበር፤ ዝናብ እየጣለበት ቧንቧው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሄደ። ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «መጠየቅ አልነበረብኝም» አሉ። ያን ቀን አልተጫወትንም።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አናጢ ዘንድ ሄዶ ያሠራው የዋንዛ ጣውላ ነው፤ ርዝመቱ ክንድ ያህላል፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ቦይ ተቆፍሮበታል። ጉልበታቸው ላይ አኖረው። ካርታውን ግን አልነካም፤ እኔን በዓይኑ ጠራኝና እኔ ካርታዎቹን በቦዩ ላይ ደረደርኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ቲቸር በደህናው እጃቸው አንዷን ሲመዙ፣ እሱ ወደ በሩ እየሄደ ነበር።

በዚያች ጣውላ ጥቂት ቅዳሜዎች ተጫወቱ። አራተኛ ሰው ስላጣን የጎደለውን ተጫዋች ካርታ ገልጠን እያኖርን ነው የምንጫወተው። ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ከዚያ በኋላ አልነቁም።

ቀብራቸው ላይ ከቆመው ሰው ግማሽ ያህሉ ተማሪያቸው ነበር። ፋርማሲስቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችም መጥተው ነበር፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከኋላ በዝምታ ቆሙ። ከአዲስ አበባ የመጡት የማኅበራችን አባላት መንገዱ ሳይመሽብን ብለው በዚያው ተመለሱ። ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ልጃቸው ብቻዋን ስትቀር፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፋርማሲስቱ ጋር አብረዋት ያመሹት፣ በማግስቱም ውኃ ሲቀዱና ወንበር ሲያነሡ የነበሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ትልቁ ሽማግሌ ኮታቸውን አውልቀው ሳህን ያጥቡ ነበር።

ሊቀ መንበር ሊመረጥ ይገባ ነበር። ለሁሉም ደወልኩ። «አንተው ያዘው» አሉኝ። ትንሽ ጊዜ ያዝኩት። የሚጽፍልኝ የለም፤ የምጽፍለትም የለም። አንድ የአዳማ ሰው ብቻ አልፎ አልፎ እየደወሉ መቼ ነው የምንገናኘው ይሉኛል፤ እኔም አሳውቅዎታለሁ እላለሁ። በመጨረሻ ከቀሩት ጋር ተነጋግረን እንዲፈርስ ወሰንን። አዲስ አበባ ሄጄ ማኅተሙን ማኅበራትን ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት መለስኩ። የተረከበኝ ሰው ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ፈርሜ ለመውጣት ብዙም አልፈጀብኝም፤ ከቀትር በኋላ ያለውን አውቶቡስ ደረስኩበት።

ሰርቪስ ቤቱን ልጃቸው ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አከራየችው። ካርቶኖቹን ላነሣ ስሄድ ሦስት ልጃገረዶች ፍራሽ እያነጠፉ ነበር። ጠረጴዛውንም እወስደው እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ትቼላቸው ወጣሁ።

ፋርማሲስቱ አሁን ሽማግሌ ነው። እኔም የግፊት መድኃኒት ጀምሬአለሁ፤ የምገዛው ከእሱ ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት እናወራለን። ባለፈው ግን ሱቁ ጭር ብሎ ሳገኘው፣ ኪኒናውን እየቆጠረልኝ ሳለ ቆም አለ።

«ስጸልይ አንዳንዴ ሐሳቤ ይሄዳል» አለ። «ቲቸር የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ እኔ ምን እንደያዙ አስባለሁ። ማን ምን እንደጣለ ሁሉ ይመጣልኛል።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»

«ጸሎቱን?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ሳል ይዞታል እያለች ገባች። እሱም «ነይ እናቴ፣ ስንት ቀን ሆነው?» እያለ ወደ እሷ ሄደ። መድኃኒቴን አንሥቼ ወጣሁ።