ከፍላሹ የጠፋው የእህቴ ድምፅ

ፋይሎችን ጨምቆ በአንድነት የሚያሽግ አነስተኛ ፕሮግራም በፍላሼ ይዤ እዞራለሁ። ኮምፒውተር ላይ መጫን አያስፈልገውም፤ ፍላሹን ሰክቶ መክፈት ይበቃል። የራሴ ኮምፒውተር የለኝም፤ አዳማ በሰፈሬ ያለው ፎቶኮፒ ቤት ደግሞ ደንበኛ በማሽኑ ላይ አንዳች ነገር እንዲጭን አይፈቅድም። ባለቤቲቱ ቀልደኛ ሴት ናት። የራሷ ፕሮግራም እያለ የእኔን ስከፍት ባየች ቁጥር፣ «አባቴ፣ የእኔን ኮምፒውተር እኮ እንደ ሰው ቤት ወጥ ይጠረጥሩታል» ትለኝ ነበር።

አልተሳሳተችም። ዩኒቨርሲቲ በነበርሁበት ዘመን ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። ያነበብነውን አቃጥለን አመዱን በውኃ በጥብጠን እንደፋለን። ያ ልማድ ከእጄ አልወጣም። ፕሮግራሙ አሽጎ ሲጨርስ ዋናዎቹን ፋይሎች እንዲያጠፋ የሚያዝዘው ሳጥን አለ፤ ሁልጊዜ ምልክት አደርግበታለሁ። ወደ ፍላሹ ያዛወርሁትንም ከስልኬ ላይ አላስቀርም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ እለው ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ደራ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ስለ ወንድማችን ለመናገር ፈቀደች። ወንድማችን በቀይ ሽብር ጊዜ ከመያዙ በፊት ሦስት ቀን የተሸሸገው እርሷ ቤት ነበር። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ለሚወለደው ልጅ የተወውን ቃል የሰማችው እህቴ ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈሰችም። ያ ልጅ ዛሬ ሐዋሳ የምትኖር፣ አባቷ የሞተበትን ዕድሜ እጥፍ የኖረች ሴት ናት። የአባቷን ቃል በአክስቷ አንደበት ለመስማት ስትለምነን ኖራለች። እህቴ ግን ፊቷን እያየሁ አልችልም አለች። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ደራ ተመላልሼ ድምፅዋን በስልኬ ቀዳሁ። በሦስተኛው ቀን ተናግራ ስታበቃ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ የቀረበላትንም ምሳ አልነካችም።

በማግስቱ ፎቶኮፒ ቤት ገብቼ ሦስቱን ቅጂዎች በአንድ ፋይል አሽጌ፣ የይለፍ ቃል ሰጥቼ፣ ወደ ሐዋሳ ልልክ ተቀመጥሁ። ፕሮግራሙ መጨረሱን አስታወቀ፤ ዋናዎቹ ከመስኮቱ ላይ ጠፉ። ፍላሹን በሥርዓቱ ላላቅቅ ማውዙን ሳንቀሳቅስ መብራት ሄደ።

መብራት ሲመለስ የታሸገው ፋይል አልከፈት አለ። ሴትዮዋ ቀልዷን ትታ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ታገለችልኝ። የጠፉት ፋይሎች ስማቸው ተመለሰ፤ ሲከፈቱ ግን ድምፅ የላቸውም።

«ሌላ ቦታ ኮፒ አላስቀሩም?» አለችኝ።

«አላስቀረሁም።»

«ለምን?»

ፍላሹን ነቅዬ ሒሳቧን ከፈልሁ።

ደራ ሄጄ ለእህቴ የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኋት። አልተቆጣችም። እንደገና እንድትነግረኝ ስለምናት ግን እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«አንድ ጊዜ ነግሬሃለሁ። ሁለተኛ አልቀብረውም።»

ቢያንስ ለልጅቱ የተወውን ቃል ብቻ አልኋት።

«አንተም አጠገቤ ነበርህ አይደል? የሰማኸውን ንገራት።»

እውነቱን ልነግራት አልደፈርሁም። አጠገቧ ነበርሁ፤ ነገር ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። ድምፁ መግባቱን፣ ባትሪው መብቃቱን፣ ከደጅ የባጃጅ ጩኸት አለመቀላቀሉን ስቆጣጠር ነበር። መስማቱን በኋላ፣ ረጋ ብዬ አደርሰዋለሁ ብዬ ነበር።

እህቴ በጥቅምት አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ የማስታውሰውን በወረቀት ጻፍሁ። እርግጠኛ የሆንሁበትን ከተጠራጠርሁበት ለየሁ፤ የማላውቀውን ባዶ ተውሁ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ያንኑ ለወንድሜ ልጅ ላክሁላት።

በሳምንቱ ደወለች። አመሰገነችኝ፤ ስለ እህቴ አጽናናችኝ፤ ስለ ፍላሹ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ልትሰናበተኝ ነው ስል ጠየቀችኝ።

«አጎቴ፣ ስም አውጥቶልኝ ነበር?»

እህቴ በሦስተኛው ቀን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ አንድ ስም መጥራቷን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ስልኩ ባትሪው ማነሱን አስታውቆ ስለ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ቻርጀሩን ስሰካ ነበር።

ስም መኖሩን ነገርኋት። ማን እንደ ነበረ አላውቅም አልኋት።