የወፍጮው ማስኬጃ

አሁን አሁን ሬዲዮኑ «አክሲዮን ግዙ» እያለ ትርፉን ሲያወራልኝ፣ «ወጪውስ?» እለዋለሁ ብቻዬን። ትምህርት ቤት ደጃፉንም አልረገጥሁ፤ ፊደሉንም የለየሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወጪን መጠየቅ ያስተማረችኝ አህያዬ ናት።

ያን ጊዜ ከአንበሳሜ በርበሬ ገዝቼ በደብረ ታቦር አልፌ እስከ ገሳይ እየነዳሁ እሸጥ ነበር። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፤ እናቴ «እግርሽን ማን ረገመው?» ትለኝ ነበር። በርበሬው ደህና ተሸጠ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አህያዋ የበላችው፣ ያደርንበት ቤት፣ የተበጠሰው መጫኛ ተራ በተራ ይመጡብኛል። እነሱን ሁሉ ቀንሼ የቀረችውን ብቻ ነበር የኔ የምላት።

አንድ ጊዜ ታናሽ እህቴ ዘንድ ገባሁ። ከገሳይ ወጣ ብሎ ወደ ጉና በሚያስወጣው ብርዳም መንደር ነበር የምትኖረው። ባሏ ሞቶባታል፤ ገብስ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ቀኝ ትከሻዋ ተበላሽቶ፣ ቀሚሷን እንኳ የምታጠልቀው እያቃሰተች ነው።

ገና ሳልቀመጥ፣ «እታለም፣ ጊደሯን ልሸጣት ነው» አለችኝ።

«ምነው? ታመመች?»

«ኧረ ደህና ናት። የወፍጮውን ዕጣ ልገዛባት ነው እንጂ።»

የገበሬ ማኅበሩ የሞተር ወፍጮ አስተክሎ ኖሯል። ዛሬ አክሲዮን የሚሉትን እነሱ ዕጣ ይሉታል። አንድ ዕጣ የገዛ በቅናሽ ያስፈጫል፤ ብዙ የገዛ ደግሞ በዓመቱ ትርፍ ይካፈላል ተብሏል። መዝገቡ የሚዘጋው በሚቀጥለው እሑድ ነው። እህቴ ያለቻት ከብት ያቺው አንዲት ጊደር ናት።

«እስከ እሑድ አትንኪያት፤ እኔ ወፍጮውን ልየው» አልኋት።

«አንች ደግሞ! ወፍጮ እንደ በርበሬ ይቀመሳል እንዴ?»

በማግስቱ ገበያ ነበርና በርበሬዬን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ስልቻው ተሰልፎ፣ ሴቱ እየተጋፋ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ላየው ገንዘብ የሚፈጭ ይመስላል። ጊደሯን ልትሸጥ ይገባታል አልሁ በልቤ።

በነጋታው ገብርኤል ነው። እህል ይዞ የመጣ የለም፤ በሩ ተዘግቶ ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል።

«የዛሬውም ደመወዝ ይታሰብልሃል?» አልሁት።

«ታዲያስ! የልጆቼ ሆድ ገብርኤልን መቼ ያከብራል?» ብሎ ሳቀ። አምስት ልጆች አሉት። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቆጠርሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ። ሞተሩን የሚያስነሳው ከደብረ ታቦር የመጣ ሰውዬ ነው። ብርዱ ሞተሩን አላስነሳ ብሎት ሲታገል ረፈደ። ገብሱ ካለቀ በኋላ፣ «ይህን ሁሉ ናፍጣ ለአንድ ቁና?» አልሁት።

«ምን ላድርግ እሜቴ፣ ሴትዮዋ ቁልቁለቱን ወርደው መጥተው ልመልሳቸው?» አለኝ። እኔም ብሆን አልመልሳቸውም ነበር። ቺንጋውን፣ ያን ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያያይዘውን ሰፊ ጠፍር፣ ሲያሳየኝ ጠርዙ ተተልትሏል። በቀጣዩ ቀን ማርያም፣ አንድ ቀን ሥራ፣ ከዚያ ጊዮርጊስ። ወፍጮው በስድስት ቀን ሦስቱን ቆሞ ዋለ፤ ዘበኛውና ሞተረኛው ግን ስድስቱንም ይበላሉ።

የጊዮርጊስ ዕለት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ቤት ሄድሁ። ድሮ ድቁና የነበራቸው፣ ገር ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር።

«አባቴ፣ የወሩን ገቢ የስንት ቀን አድርገው አሰቡት?»

ወረቀቱን አወጡ። «የሠላሳ ቀን።»

«ጊዮርጊስስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሜቴ፣ ይህ ወረቀት አውራጃ ይሄዳል። ካድሬው በዓል የሚባል ነገር አልሰማም ብሏል። ጊዮርጊስን የት ላይ ልጻፈው?»

«ቺንጋውስ?»

«አዲስ ነው ብዬ ተውሁት።»

እስክሪብቶ አንስተው ከወረቀቱ ጀርባ እንደ አዲስ አሰቡት። በዓላቱን አወጡ፣ ናፍጣውን ጨመሩ፣ ቺንጋውን ጨመሩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። የቀረው ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ትርፍ አይባልም። «እኔም እኮ ለዕጣው ብዬ በሬዬን ሸጫለሁ» አሉኝ። ልቤ ተነካ፤ ያታለሉት ራሳቸውን እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም።

ለእህቴ ስነግራት ተቆጣች። «ሁሉም እንዳንች ቢያሰላ ማን ይገዛል? ወፍጮው ይዘጋና ድንጋዩን እኔ ልጎትት?»

እውነቷን ነው። ብዙ አሰብሁ። «ለትከሻሽ ግዢ፤ አንድ ዕጣ። ያበላኛል ብለሽ ግን ጊደሯን አትስጫቸው» አልኋት። 

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ካድሬው ወደ አውራጃ ሄዶ ስለነበር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ነው ያለው። ተራዋ ሲደርስ እህቴ አንዲት በግ የሸጠችበትን ገንዘብ አውጥታ፣ «አንድ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ በሰው ሁሉ ፊት፣ «የሚቆምባቸው ቀኖች ወጪስ ከየት ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ይህን አልመከርኋትም።

ገንዘብ ያዡ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉና አዲሱን ስሌት አነበቡ። በዓላቱን «ሞተሩ የሚያርፍባቸው ቀናት» ብለው ጽፈዋቸዋል።

«ስንት ቀን ነው የሚያርፈው?» አለ አንዱ።

«አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት...»

«እሰይ! ሞተሩም ክርስትና ተነሥቷል በሉኛ!» አለ ሌላው ከኋላ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩም ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ፣ ወፍጮው ከገበያ ቀን ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲነሣ ወሰነ፤ ዘበኛውን ግን ማንም ይባረር አላለም።

በዚያ ዓመት የተካፈለ ትርፍ የለም። በሬያቸውን የሸጡት ሽማግሌ ክረምቱን በሰው በሬ አረሱ፤ እህቴም ጊደሯ ስትወልድ የመጀመሪያውን ቅቤ ለእሳቸው ላከች።