ከአጥቂው ላይ ያነሣሁት ትእዛዝ

የልጅ ልጄ ዛሬ በኳስ የሚተዳደር፣ ስሙም በጋዜጣ የሚወጣ አጥቂ ነው። ለዚህ እንጀራ ያበቃውን የመጀመሪያ ፈተና ግን ላበላሽበት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ይህንም ሳልሸሽግ መጻፍ ይገባኛል።

ጎንደር ሳለሁ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገምሁ፣ ዜማም የጀመርሁ ሰው ነኝ። በዚያ ጉባኤ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ተማሪ አይወደድም ነበር፤ ትምህርቱን የማይቀጽል ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። ስለዚህ ልጁ እዚህ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ለታዳጊዎች ቡድን ሲጫወት መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አፈርሁ። ጓደኞቹ በላብ ተጠምቀው ወደ ኋላ ሲሮጡ እርሱ ከተቃራኒው ግብ አጠገብ ቆሞ ካልሲውን ይስባል።

አውቶቡስ ውስጥ «ወንድሞችህ ሲደክሙ አንተ ቆመህ ታያለህ?» አልሁት።

«አባባ፣ እኔ'ኮ አጥቂ ነኝ! ሥራዬ እዚያ መጠበቅ ነው።»

«ጥበቃ የዘበኛ ሥራ ነው። ከእንግዲህ ቆመህ እንዳላይህ።»

አንገቱን ደፍቶ «ቤሴዴር» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ከሳምንት በኋላ አንድ ክለብ ለዋናው ቡድን አጥቂ ሊመርጥ የሙከራ ጨዋታ አዘጋጀ። የሚያስፈርሙት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔም ከሰፈሬ ከባርኔአ በአውቶቡስ ሄጄ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ልጁ ከተከላካዮች ጋር ይከላከላል፤ ኳሷ ከተቃራኒው ግብ ስትደርስ ግን እርሱ ገና ከመሐል ሜዳ እየመጣ ነው። እኔ ምስኪን «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» እል ነበር።

በዕረፍት ሰዓት የክለቡ አሰልጣኝ በዕብራይስጥ ጮኸበት። «ሦስት ኳስ ግብ ፊት ሲያልፍ የት ነበርህ? ምክንያትህን ንገረኝ፣ አለዚያ ጫማህን አውልቅ!»

ልጁ ወደ አጥሩ አመለከተ። «አያቴ መቆም ከልክለውኛል።»

«አሰልጣኝ ተቀየረ እንዴ?» ብሎ አንዱ ተጫዋች ሳቀ።

አሰልጣኙ ግን አልሳቀም፤ ልጁን አስከትሎ ወደ እኔ መጣ። «አባባ፣ ከዚህ በፊት ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ይህ ልጅ ሲቆም ሥራ ፈትቶ አይደለም። ተከላካዩ ፊቱን የሚያዞርባትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በማኅሌት ከበሮ የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ሲያዜም ዝም ብሎ ይቆማል፤ ጊዜው ሳይደርስ ቢመታ ዜማው ይፈርሳል። ይህን እያወቅሁ በሜዳው ላይ አለማስተዋሌ አሳፈረኝ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ያሰረውን ራሱ ሽማግሌው ይፈታዋል። ተነሥቼ እጄን በአጥሩ ላይ አንሥቼ «ይፍታህ፤ የከለከልሁህን አንሥቻለሁ። ቦታህ ላይ ቁም» አልሁት።

«ከልብዎ ነው? ኋላ ቤት ስንገባ አይቆጡኝም?»

«ሂድ አንተ!»

ሄደና ቆመ። ብዙ ደቂቃ ምንም አላደረገም፤ እኔም እንዳልጮኽ ከንፈሬን ነከስሁ። ከዚያ ተከላካዩ አንዴ ዞር አለ፤ ልጁ በአንድ እርምጃ ቀደመው፣ ኳሷም ከመረቡ ውስጥ ሆነች።

ሰዎቹ ያጨበጨቡለት ለዚያች ግብ ነበር። እኔ የኮራሁት ግን ከዕረፍት በፊት ባሳየው ነው፤ እንጀራውን አሲዞ የአያቱን ቃል ጠብቋልና።

አሰልጣኙ ሲሰናበተኝ «ልጁ ነገ ለፊርማ ይምጣ» አለ። «እርስዎ ግን በልምምድ ቀን እባክዎ ቤትዎ ይቀመጡ።»

ቃሉን አክብሬአለሁ። ጨዋታው ሰንበትን በማይነካበት ቀን ሁሉ ግን ከፊት ወንበር አልጠፋም።