የኋላው ወንበር ትንፋሽ

አባዬ ይህችን መኪና አንድም ቀን አምኗት አያውቅም። ስትነሳ ድምፅ የላትም። መብራት ይዞን ስንቆም ደግሞ ሞተሯ ጭራሽ ጸጥ ይላል። ሀይብሪድ ናት፣ አሁን በባትሪ ነው ያለችው፣ ቤንዚን እየቆጠበችልን ነው እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሞተር ካላጓራ የሚሠራ አይመስለውም።

«ጠፋብሽ» ይለኛል ከኋላ ሆኖ።

«አልጠፋም አባዬ፣ ዝም ነው ያለው።»

«ዝም ካለማ ጠፍቷል።»

ሳንባውን ከታመመ ጀምሮ ከቀጨኔ ቤታችን ወደ ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። የእሱ ቦታ የኋላው ወንበር፣ በቀኝ በኩል ነው፤ እማዬ በግራ ትቀመጣለች። እሷ ራሷ ፈትላ ሽሮ ሜዳ ያሸመነችውን ጋቢ እስከ አፍንጫው ይከናነባል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ እኔ በላብ ተጠምቄ ነው የምነዳው። እንዲያም ሆኖ «ከጎኔ ብርድ ይገባል» ብሎ አስቸገረን። ከወንበሩ ጎን፣ ክንዱ በሚያርፍበት በኩል፣ ፍርግርግ ያለው ቀዳዳ አለ። እማዬ እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ እውነትም ነፋስ ይነካል።

«በሽተኛ ይዘሽ በዚህ በተቀደደ መኪና ትሄጃለሽ?» ብላ ተቆጣችኝና የጋቢውን ጫፍ ጠቅጥቃ ደፈነችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ይደፈናል። እኔም ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት ስለ ብርድ ከእማዬ ጋር የሚከራከር የለም።

አባዬ ያረፈው አልጋው ላይ ነው፤ መኪናዋ በዚህ ነገር የለችበትም። አርባው ካለፈ በኋላ እማዬ ቁስቋም ማርያምን ልሳለም አለች። ጉልበቷ ዳገቱን አይችልም፤ እኔ ካልወሰድኳት ቤት መቅረቷ ነው። እንደ ወትሮው ከኋላ በግራ ተቀመጠች፣ የእሱን ቦታ ለቃ። ዳገቱን ስንጀምር ከዚያ ከባዶው ቦታ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀስ ያለ ነበር። እየጨመረ ሄደና ሲር ማለት ጀመረ፤ ቁርጥ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ልክ አባዬ ደረጃ ሲወጣ የሚተነፍሰው አተነፋፈስ ነው። በሕይወት እያለ ሁለቱ ትንፋሽ ተቀላቅሎብን ኖሯል መሰለኝ፤ አንዱ ሲቀር ሌላውን ሰማነው።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ባትሪው ነው እማዬ። ሲሞቅ ማራገቢያ ይነሳለታል።»

«ሰማሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ሰማሁ።»

ፊቷን ወደ ባዶው ቦታ አዞረችና «አይዞዎት፣ ደርሰናል» አለች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ዳገቱ ላይ ያወሩ ጀመር። ጎረቤት ማን ልጁን እንደዳረ፣ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ «ልጅዎ ዛሬም በጠዋቱ ተነጫንጫብኛለች» እያለች ታወራዋለች። እኔ ፊት ለፊት እያየሁ ስሞታዬን እሰማለሁ። መጀመሪያ አናደደኝ። ቀስ በቀስ ግን እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ቃል የማትተነፍስ ሴት ሆና እዚያ ዳገት ላይ ብቻ አፏ እንደሚፈታ አየሁ። እህል እንኳ በወጉ የምትቀምሰው እሑድ ከዚያ ስትመለስ ነው።

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ሽቦና ፕላስቲክ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ከሥራ ብቻዬን ስመለስ፣ አቀበቱ ላይ ያ ትንፋሽ ከጀርባዬ ሲነሳ፣ ማጅራቴ ይቀዘቅዛል። የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያው አዙሬ መንዳት ጀመርኩ። አባቴን እንዲህ መፍራቴ ያሳፍረኝም ያሳዝነኝም ነበር።

አንድ ቀን ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ፤ መኪናዋም ዳገቱ ላይ አቅም አጣች። መካኒክ ጋ ብወስዳት ምኑንም ሳይከፍት «ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። ንድድ ብሎኝ ጥዬው ወጣሁ። የሀይብሪድ ባለቤቶች የምንጠያየቅበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ድምፁን ቀድቼ ላኩላቸው። አንዱ ወዲያው መለሰልኝ። «እህቴ፣ ከኋላ ወንበር ጎን ያለውን ቀዳዳ አይተሽዋል? ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያ በሚስበው አየር ነው። ሲደፈን ማራገቢያው ይጮሃል። በጊዜ ከጸዳ ባትሪሽ ይተርፋል። ብርቱካናማ ሽቦ ካየሽ ብቻ እንዳትነኪ!»

እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ምን እንደማገኝ ገባኝ። ካጸዳሁት ትንፋሹ እንደሚሄድም ገባኝ። ካላጸዳሁት ባትሪው ይቃጠላል፣ መኪናዋ ትቆማለች፣ እማዬም ቁስቋምን አታያትም። እንዲህ ቁልጭ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ያን ቀይ መብራት እያየሁ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ትንፋሹን የምፈራው እኔ፣ እንዳይጠፋ የምሳሳለትም እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አጥፍቼ ካቻቢቴና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ከኋላ ገባሁ። በአባዬ ቦታ ላይ ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ፍርግርጉን ፈታሁት። ውስጡ ነጭ ነው። የጋቢው ጥጥ በየቀኑ እየተሳበ፣ እየተጋገረ፣ ማጣሪያውን አልፎ ማራገቢያው ድረስ ሞልቶታል። መዝዤ ሳወጣው ደረቱን የምንቀባው የባሕር ዛፍ ቅባት ሸተተኝ። መሐሉ ላይ አንድ አጭር ሽበት አለ። «ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ እያለቀስኩ አጸዳሁት፤ ብሩሹ የማይደርስበትን በጣቴ፣ ምንም ሳላስቀር።

ጥጡን መጣል አልቻልኩም። በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሹራቦቼ ሥር ከተትኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በማግስቱ ወደ ቁስቋም ወጣን። ቀዩ መብራት ጠፍቷል። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እንደ ልማዷ ወደ ባዶው ቦታ ዞረችና ጠበቀች። መስታወቱን ወደ ቦታው መልሼው ስለነበር አያታለሁ። መኪናዋ ሽቅብ ትወጣለች፤ ከኋላ ግን ምንም የለም። እማዬ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋች። ቆየች። ከዚያ እጇን ወንበሩ ላይ ዘርግታ፣ አባዬ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው።

ግማሽ መንገድ ላይ ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ።

«የት አወረድሻቸው?» አለችኝ።

መስታወቱን እንደገና ወደ ጣሪያው አዞርኩት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ እንደዚያን ቀን ጤነኛ ሆና አታውቅም።