ዳማከሴና የነስሩ ትኩሳት

ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሰው ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ያሳመነችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት። ቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ በነበረው ቤታችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ኩራዙን ለኩሳ ፍሙ አጠገብ ትሰበስበንና ትጀምራለች። ትኩሳት መንገደኛ ነው፤ የሰው በር ያንኳኳል። በሩ ላይ ግን ዳማከሴ ቆማ ትጠብቀዋለች። «የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው ቤት ነህ?» ትለዋለች። ትኩሳት ዘሩን መቁጠር አይችልም። አፍሮ ይመለሳል።

«አባቱን እንኳ አያውቅም?» አለ ታናሽ ወንድሜ ነስሩ።

«አንተስ ከአያትህ በላይ ማንን ታውቃለህ? በል ቁጠር!»

ሳቅንበት። ነስሩ አኮረፈ፤ እንቅልፍ እስኪጥለው ድረስ ቅድመ አያቶቹን እያቀላቀለ ሲቆጥር እሰማው ነበር።

ያኔ የዳማከሴ ቁጥቋጦ በእውነትም በራችን ላይ ነበር። ስንታመም አክስቴ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ታጠጣናለች፣ የቀረውን ግንባራችን ላይ ትቀባናለች፤ ስለታም ሽታው ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ብርድ ልብሳችን ውስጥ ያድር ነበር።

ከዚያ ነስሩ ታመመ።

አክስቴ እንደ ልማዷ አሸች፣ አጠጣች፣ ተረቷን ነገረችው። ሲነጋ ግንባሩ በርዶ ነበር። አባቴ ሐኪም ቤት ሊወስደው ባጃጅ ጠርቶ በር ላይ አቁሞታል። «አልሐምዱሊላህ፣ በርዶለታል። ምን ታንገላታዋለህ?» አለችው። ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ወባ ነው ተባለ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ነስሩን ቀበርነው። አክስቴ ዳማከሴዋን ከነሥሯ ነቀለቻት። ከዚያ በኋላ ተረት ነግራን አታውቅም።

ዛሬ ወልቂጤ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ዳማከሴን ስንመረምር ከአይጦቹ ቆዳ ሥር እርሾ እንወጋና ትኩሳት እናመጣባቸዋለን። ለከፊሎቹ የቅጠሉን ጭማቂ፣ ለከፊሎቹ ውኃ ብቻ እንሰጣለን። ከዚያ በቴርሞሜትር መለካት ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ እግራቸውን አሳብጠን እብጠቱን እንለካለን። ጭማቂውን ያገኙት ትኩሳታቸው ወረደ፤ እብጠታቸውም ጎደለ። ደግመን አየነው፤ ያው ነው።

ያኔ ግራ ገባኝ። አክስቴ ልክ ነበረች ማለት ነው? ቅጠሉ ባይሠራ ኖሮ እኮ ነስሩ ያን ባጃጅ ይሳፈር ነበር። ቅጠሉ ስለሠራ ነው የቀረው። ይህን ማንን ልጠይቅ? የሥራ ባልደረቦቼ ውጤቱ አስደስቷቸው ይጨባበጣሉ፤ እኔም ጨበጥኳቸው።

ቡታጅራ፣ ለአክስቴ ደወልኩ። ከልቧ ላይ አንድ ሸክም ላወርድላት ነበር ሐሳቤ።

«አክስቴ፣ ቅጠልሽ እውነት ነው። በአይጥ ሞከርነው፤ ትኩሳት ያወርዳል።»

እሷ የጠየቀችኝ ስለ አይጦቹ ነበር።

«አይጦቹስ ዳኑ?»

«ትኩሳታቸው ወረደ።»

«እሱማ የነስሩም ወርዶ ነበር፣ ልጄ።»

አይጦቹ ከትኩሳቱ በቀር ሌላ በሽታ እንዳልነበረባቸው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ነግሬያት ምን እንዲሆን? ስለ ዝናብ አወራን፤ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን፤ ስልኩ ተዘጋ።

ካደግሁበት ቤት ይዤ የወጣሁት ምን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም፤ ተረቱ ይሁን፣ ፍርሃቱ ይሁን። ሴት ልጄን ትኩሳት ሲይዛት ብዙም አልደነግጥም፤ አቅፌ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፣ ደሟ ይታያል። የምደነግጠው ሲሻላት ነው። ግንባሯን ነክቼ በርዶ ሳገኘው እጄን ማንሳት ያቅተኛል።