የአስማረ የዋንዛ ሳንቃ

ከአገሬ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ታላቅ ወንድሜ አስማረ፣ አናጢው፣ ታሞ ስለነበር አውቶቡስ ድረስ አልሸኘኝም። ከመደቡ ላይ ሆኖ ጉንጬን ሳመኝና «በል ሂድ፣ አትቅር» አለኝ። የሄድሁት እሱን ላሳክም ነበር።

ዱባይ ገባሁ። እዚህ ብርድ የሚመጣው ከማሽን ነው፤ ሰማዩማ እሳት ነው። ገና ያልተሠራ ቤት በኮምፒዩተር እየሳለ ለገዢ የሚያሳይ ቢሮ በጽዳት ቀጠረኝ። ሥዕሉን «ሬንደር» ይሉታል። ኮምፒዩተር ትንሽ እንደምችል ሲያዩ የበርና የወለል እንጨት ማስመሰሉን ሰጡኝ።

አለቃዬ ሊባኖሳዊ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነው ጌታዬ።»

«ሳሙና መስሎኝ! ለምን ያብለጨልጫል? ይቺ የቅርንጫፍ ቋጠሮ ደግሞ እዚህም አለች፣ እዚያም አለች። ዛፉ መንታ ይወልዳል?»

አፈርሁ። የአናጢ ወንድም ሆኜ! አስማረ የጠረበው የዋንዛ ሳንቃ ቤታችን እንዳለ ትዝ አለኝ። ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕሉን ባለብሰው እውነተኛ ይመስላል ብዬ ለእህቴ ለይርጌ ደወልሁ።

«አስማረስ?»

«ጠበል ነው።»

«አሁንም ጠበል?»

«እዚያ ስልክ አይሠራም። ተሽሎታል አሉ፣ ወንድምዓለም።»

ሁልጊዜም መልሷ ይኸው ነበር። እኔም አምን ነበር።

የሳንቃውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የሳንቃው መስመር እንደ ወንዝ ውኃ ይታጠፋል፣ የመጥረቢያው ምልክት ሳይቀር አለበት። ጠርዙን ልቆርጥ ሳጎላው ሳንቃውን ደግፎ የያዘ እጅ አየሁ። የእናቴ እጅ ነው። እጅጌው ጥቁር ነው። ጥላ ይሆናል ብዬ ብርሃን ጨመርሁ። ጥቁር ነው። ከፍ ብዬ ሳይ ራሷን ተላጭታለች። እናቴን እንዲህ ያየኋት አባታችን የሞተ ጊዜ ብቻ ነው።

መልሼ ደወልሁ።

«ይርጌ፣ እማዬ ለምን ጥቁር ለበሰች?»

«የት አየሃት?» አለች። ስልኩን እናቴ ተቀበለቻት።

«የኔ ልጅ፣ መርዶውን እዚያ ያሉ የእስቴ ልጆች ተሰብስበው ሊነግሩህ ለእሁድ ተቀጣጥረው ነበር። ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ሰው አጠገብህ አለ?»

አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ኮምፒዩተሩን አየ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አሁን እንጨት ሆነ!» አለና አለፈ።

«የለም እማዬ።»

«እንግዲያ አሁን አታልቅስ። ብቻህን አታልቅስ፣ ሰው ይምጣልህ» አለችኝ፤ እሷ ግን እያለቀሰች ነበር።