ወላጅ ይዘሽ ነይ

እኔ ሥራዬ ሰው ማስተካከል ነው። ትምህርቱ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ይባል በነበረ ጊዜም፣ አሁን ዜግነት ከተባለ በኋላም፣ ስለ ሐቀኝነትና ስለ ኃላፊነት እየጮህኩ ጠመኔ ስበላ ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ «ኩረጃ አገር ያጠፋል» ብለው ይጽፋሉ፤ ከማን እንደኮረጁት ብቻ አይጽፉም።

ልጄ ግን የተለየች ናት ብዬ አምን ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው እኔ ዘንድ ሳይሆን አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በዜግነት ከመቶ ዘጠና ስምንት ታመጣለች። ሁለቷ የት ሄደች ብዬ አንድ እሁድ ሙሉ አስተምሬያታለሁ።

አንድ ቀን የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩና፣ ልጅቷም እናቷም ከወጡ በኋላ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛዋን ስበረብር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «በዜግነት ፈተና ሙሉ ረድፉን ስላስኮረጀች ወላጅ ይዛ ካልመጣች ክፍል አትገባም» ይላል። በዜግነት! ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው? ሂሳብ ብታስኮርጅ እኮ ለደግነቷ እቆጥርላት ነበር። ደሜ ፈላ። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩ፣ የቁስቋምን ቁልቁለት ተያያዝኩት። ንግግሬን ጮክ ብዬ ስለማመድ አንዲት እናት «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ወላጅ የምታነጋግረው ዩኒት ሊደር ገና ወጣት ናት፤ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር። የልጄን ስም ጠርቼ «አባቷ ነኝ» አልኳት።

ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። «አባቷንማ እናውቃቸዋለን። እርስዎን ደግሞ ከየትኛው ታክሲ ተራ አገኘችዎት?»

ወላጅ አምጣ የተባለ ተማሪ አንዱን ሊስትሮ ወይ አንዱን ወያላ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ማምጣቱ የታወቀ ነው። እኔ ራሴ ስንቱን የውሸት አጎት ከቢሮ አባርሬያለሁ! መላው ቀላል ነው፤ ስለ ልጁ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ። እሷም መጀመሪያ መታወቂያ አለችኝ። ሌላው ኮት ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ የእኔው ናት።

«ዘጠነኛ ስንት ናት?»

«ዘጠነኛ... ቢ።»

«ዲ ናት። የቅርብ ጓደኛዋስ?»

«ያቺ... ቀጭኗ።»

«ለምን የፊት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ያውቃሉ?»

ይሄንንስ አውቃለሁ! «ጎበዝ ስለሆነች ነዋ!»

«ሰሌዳው ስለማይታያት ነው። አባቷ ናቸው መጥተው የነገሩን።»

ውሸታም እንዳልመስል ጮህኩ፤ ስጮህ ይባስ ውሸታም መሰልኩ። እሷ እቴ፣ ስልኳን አንስታ «አባቷን» ጠራች።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳና አዲሱ ገበያ ያለው ልብስ ሰፊያችን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። የለበስኩትን ሙሉ ልብስ የሰፋው እሱ ነው። ዩኒት ሊደሯም ብድግ ብላ «አቶ እገሌ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችው፤ በእኔ ስም! እኔ በታቦት ስም የተጠራሁ ነኝ። እሱ ደግሞ ለካ «ዓርብ ጁምዓ አለብኝ፣ በሌላ ቀን ይሁንልኝ» ይላቸው ኖሯል። ስሙ የክርስቲያን፣ ሰውየው ሙስሊም ሲሆንባቸው ወሎዬ ናቸው ብለው አልፈውታል።

ሲያየኝ ክው አለ። «መምህር! አፉ ይበሉኝ!»

«የምን መምህር?» አለች ዩኒት ሊደሯ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! «የ... ዜግነት» አልኩ።

አፏን በእጇ ከድና ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ሰፊው ላይ ወረድኩበት። «አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም?»

«እፈራለሁ መምህር። ግን እያለቀሰች መጣች። ‹አባዬ እንዳይሰማብኝ› አለችኝ። ‹ይመቱሻል እንዴ?› ብላት፣ ‹ኧረ መትቶ በገላገለኝ፤ ያስተምረኛል እንጂ› አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እኔ ምን አውቄ? ቁጭ አድርጌ የአሮጌ ልብስ ስፌት አስፈታታለሁ። እየፈታች ራሷ ታወራዋለች። ሰሌዳው አይታየኝም ያለችኝም ያኔ ነው።»

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁበት። እኔ የነገርኳትን ሁሉ እሷ ለፈተና ታውቀዋለች፤ እሷ የነገረችኝን ላስታውስ ብዬ ባስስ፣ ባስስ፣ አንድም አጣሁ።

ዩኒት ሊደሯ የሳቅ እንባዋን ጠርጋ ክፍል ተከልክላ ግቢ የቆመችውን ልጄን አስጠራች። «እውነተኛው አባትሽ የትኛው ነው?»

ልጄ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ፖሊስ ጣቢያ ሌባ እንደሚጠቆመው ነው የጠቆመችኝ። ቢሆንም ተመስገን አልኩ። ፈተናውን ብቻዋን ዳግመኛ እንድትፈተን ተወሰነ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ሰፊው ዳግመኛ አባት እንዳይሆን ተመክሮ ተለቀቀ።

ለዛሬ ይዣት እንድሄድ ተፈቅዶልኝ ወደ ቤት ዳገቱን አብረን ተያያዝነው። ስለ ሐቀኝነት ሦስት ነጥብ አዘጋጅቻለሁ፤ አራተኛው እየመጣልኝ ነው። የመጀመሪያውን ልጀምር አፌን ከፈት ሳደርግ ልጄ አንገቷን ቀበረች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ይሆን? አላውቅም። አይቻት አላውቅማ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ወፍጮ ቤቱን አለፍን፤ ዝም። የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ አለፍን፤ ዝም። ነጥቦቹ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፈው ሊያፍኑኝ ነው።

ቆም ብላ በስጋት አየችኝ። «አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

ሌላ ነገር እስክጨምር ጠበቀች። አልጨመርኩም። ትንሽ ሄደችና ቦርሳዋን ከደረቷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እንግዲያው ቀስ በል» አለችኝ፣ «የምነግርህ ረጅም ነው፤ ቤት ሳንደርስ ልጨርስልህ።»